ሽቶው ለእኛ፣ ጣጣው ለድመቷ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጋዜጣን ከኋላ ገጽ ጀምረው ከሚያነቡት ሰዎች አንዱ ነኝ። ስለዚህ የቤትና የቤተሰብ አምዳችሁ አያመልጠኝም። በቅርቡ ቤት ውስጥ ድመት ለሚያሳድጉ ሰዎች ብላችሁ ያወጣችኋት አጭር ምክር ግን ብዕር አስነሣችኝ። የድመት አሸዋ፣ ማለትም ድመት ቤት ውስጥ የምትጸዳዳበትን፣ ስትገዙ የላቬንደር ወይም የሎሚ መዓዛ ያለውን ምረጡ፣ ቤታችሁ አይሸትም ትላለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ይህን ምክር ከእናንተ በፊት ተግብሬዋለሁ። ውጤቱንም አልጋዬ ላይ አግኝቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውርዬ የምትባል ድመት አለችኝ። ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ጨዋ ናት፤ አንድ ቀን እንኳ ከመጸዳጃ ሣጥኗ ውጭ ጣጣ አምጥታ አታውቅም። አንድ ሰሞን እንግዳ ሊመጣብኝ ሆነና ቤቱ እንዳይሸት ብዬ፣ ማሸጊያው ላይ ወይን ጠጅ አበባ የተሳለበት፣ ገና ሳይከፈት የሚያውድ አሸዋ ገዛሁ። የድሮውን ደፍቼ አዲሱን ሞላሁላት። ቤቱ የሽቶ ሱቅ መሰለ። እኔ ደስ አለኝ። ውርዬ መጣች፣ ሣጥኑ ጫፍ ላይ ቆማ አሸተተች፣ አንድ እግሯን አስገብታ አወጣችና አራገፈችው፣ ከዚያ ዞራ ሄደች። በማግስቱ የታጠበ ልብስ ቅርጫት ውስጥ ሸናች። በሦስተኛው ቀን አልጋዬ ላይ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ተቆጣኋት። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ እያልኩ ተረትኩባት። አሁን ሳስበው ተረቱ ልክ ነበር፣ የገባኝ ግን በተቃራኒው ነው። የድመት አመል ንጹሕ አፈር ፈልጎ፣ ቆፍሮ፣ መቅበር ነው። ውርዬ አመሏን አልረሳችም። አፈሩን የቀየርኩባት እኔ ነኝ።

የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ መጀመሪያ ሽንቷን መረመረ፤ ምክንያቱም ድመት ያለ ቦታዋ መሽናት ስትጀምር አንደኛው ጥርጣሬ ሁልጊዜ ሕመም ነው፣ የአመል ነገር የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ጤነኛ መሆኗን ካየ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። አሸዋ ተቀይሯል ወይ? ወደ ድሮው ሽታ አልባ አሸዋ መለስኳት፣ አልጋውንም ቅርጫቱንም በደንብ አጥቤ የሽንቱን ሽታ አጠፋሁ፣ በሁለት ቀን ነገሩ አለቀ። ፍራሹ ግን አልተረፈም።

እስቲ ነገሩን ከእሷ ወገን ሆነን እንየው። የድመት አፍንጫ ከእኛ በብዙ እጥፍ ይሻላል። እኛ ሽቶውን የምንሸተው ከክፍሉ ወዲያ ጫፍ ቆመን ነው። እሷ ሣጥኑ ውስጥ ገብታ፣ አጎንብሳ፣ በእግሯ እየቆፈረች፣ አፍንጫዋን ከአሸዋው ጥቂት ጣት ርቀት ላይ አድርጋ ነው። ክዳን ያለው ሣጥን ከሆነ ደግሞ ሽቶው ውስጥ ታፍኖ ይጠብቃታል። ሰው ሙሉ ጠርሙስ ሽቶ የተደፋበት ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ በሩ ተዘግቶበት እንዲቀመጥ ቢገደድ፣ ሌላ ቦታ ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል?

ይህ እንግዲህ የምቾት ጉዳይ ነው። የጤናው ጉዳይ ይከተላል። ድመት ከሣጥኑ ወጥታ የምታደርገው የመጀመሪያ ነገር እግሯን መላስ ነው። በጣቶቿ መካከል የተጣበቀው ሁሉ፣ አቧራውም ሽቶውም፣ ሆዷ ይገባል። የድመት ጉበት ደግሞ እንደ እኛ ወይም እንደ ውሻ ጉበት አይደለም፤ ፌኖል የሚባሉትንና መሰሎቻቸውን ኬሚካሎች አጣርቶ የማስወጣት አቅሙ ደካማ ነው። ከዕፅዋት የሚጨመቁ ጠንካራ ዘይቶች፣ የጥድ፣ የባሕር ዛፍ፣ የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ፣ የሻይ ዛፍ የሚባለው ዘይት፣ ለእኛ መድኃኒት መስለው ለድመት መርዝ የሚሆኑት በዚህ ነው። ሽቶ ያለው አሸዋ የነካች ድመት ሁሉ ትታመማለች አልልም፤ በአሸዋው ውስጥ ያለው መጠን ትንሽ ነው፣ ዓመታት ተጠቅመውበት ምንም ያልሆኑ ድመቶችም አሉ። ግን ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው መዓዛ የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ አይነግራችሁም። አስም ላለባት ድመት ደግሞ ሽቶና አቧራ ሳሏን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች ዋነኞቹ ናቸው። ድመት አስም ይይዛታል ወይ የሚል ካለ፣ አዎ ይይዛታል። አንገቷን ዘርግታ፣ መሬት ላይ ተለጥፋ የምትስል ድመት ካላችሁ ፀጉር አንቋት ነው ብላችሁ አትለፉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሽቶው ሽታውን ያጠፋል ወይ?

አያጠፋም። የጤነኛ ድመት ትኩስ ሽንት፣ ያልተኮላሸ ወንድ ካልሆነ በቀር፣ ያን ያህል አይሸትም። ያ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ የሚመጣው ቆይቶ ነው፤ ባክቴሪያዎች ሽንቱ ውስጥ ያለውን ዩሪያ ሲሰባብሩት አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ ሲሸታችሁ ሣጥኑ ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው። ሽቶው አሞኒያውን አያጠፋውም፣ ላዩ ላይ ይጋደምበታል እንጂ። እናንተ ላቬንደር ይሸታችኋል፣ ድመቷ ሁለቱንም ትሸታለች። አሞኒያው የመተንፈሻ አካሏን መቆጥቆጡን አይተውም፣ የተወው ነገር ቢኖር እናንተን መጥራቱን ነው። እኔ እንግዲህ የምጠላው ይህንን ነው። ሽታ መልእክት ነው። ዛቁ፣ አጽዱ የሚል መልእክት። መልእክተኛውን አፍኖ ዝም ማሰኘት ቤት ማጽዳት አይባልም።

መልእክቱ ደግሞ ስለ ቆሻሻ ብቻ አይደለም። በሚረጋው አሸዋ፣ ሽንት ሲነካው ተጣብቆ ጉብታ በሚሠራው፣ ስትጠቀሙ በየቀኑ የምትዝቁት የረጋ ጉብታ ስንት እንደሆነና ምን ያህል እንደሚተልቅ ሳታስቡት ታውቁታላችሁ። ጉብታው በድንገት እየተለቀ ከመጣ የኩላሊት ወይም የስኳር ሕመም ሊሆን ይችላል። ወንድ ድመት ሣጥኑ ውስጥ ደጋግሞ ገብቶ እያማጠ ምንም ጉብታ ከሌለ ሽንቱ ተዘግቶበታል፤ ይህ ነገ የሚባል ነገር አይደለም፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይገድላል። ሽታውም ሲለወጥ ያስታውቃል። ሐኪሙ ስለ ውርዬ ሽንት ሽታ ሲጠይቀኝ አፌን ይዤ ቀረሁ፤ ላቬንደር ላቬንደር ነበር የሚለኝ።

አንድ ታሪክ ላንሣ፣ ደስ ስለሚለኝ ነው። ይህ በየቤቱ ያለው የድመት አሸዋ ሲጀመር ሽቶ የሚባል ነገር አልነበረውም። በ1947 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ሎው የሚባል አሜሪካዊ፣ ብርድ የጠናበት ወቅት በመሆኑ የድመቷ አሸዋ በረዶ ሆኖባት አመድ ስትጠቀም ለነበረች ጎረቤቱ ከጋራዡ የደረቀ ሸክላ አፈር ሰጣት። አመዱ ድመቷ በሄደችበት ሁሉ ጥቁር ዱካ እያስቀረ አስቸግሯት ነበር። ያ አፈር፣ ፋብሪካዎች ውስጥ ዘይት ሲፈስ እንዲመጥ የአባቱ ድርጅት የሚሸጠው ነው። ሴትየዋ ወደደችው፣ ተመልሳ ጠየቀችው፣ እሱም ለሌሎች መሸጥ ጀመረ። ሠራ የተባለው አፈሩ ስለሚመጥ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ቤንቶናይት የሚባለው፣ ውኃ ሲነካው አብጦ የሚረጋው የሸክላ አፈር መጣ። የመጣው ለውጥ ይህ ነው፤ እርጥቡን ብቻ ለይቶ መዛቅ ተቻለ። ሽቶው ከዚህ ሥራ ውስጥ የለበትም፣ የሚሠራው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ነው።

ታዲያ ምን እንግዛ ለሚለኝ፣ የእኔ መልስ አጭር ነው። ለአዋቂ ድመት ሽታ የሌለው፣ ደቃቅ፣ የሚረጋና አቧራው ትንሽ የሆነ አሸዋ። ድመት የበረሃ ዘር ናት፣ አብዛኞቹ እግራቸው ሥር ደቃቅ አሸዋ የሚመስል ነገር ይወዳሉ፤ ትልልቅ ጥርብ ነገር ሲረግጡ የሚጎረብጣቸው ብዙ ናቸው። ሲሊካ ጄል የሚባለው፣ ያ እንደ ትንንሽ ብርጭቆ ስባሪ የሚያንጸባርቀው፣ ሽንት መምጠጥ ይችልበታል፣ ግን እግራቸው ሥር የማይወዱት ድመቶች አሉ፤ ብዙውን ጊዜም ሽቶ ተጨምሮበት ይመጣል። ከወረቀት፣ ከእንጨት፣ ከበቆሎ፣ ከስንዴ የሚሠሩም አሉ። ቀላል ናቸው፣ አቧራቸውም ይቀንሳል። ከእህል የተሠራው ግን እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፣ ስለዚህ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። የተፈጥሮ ነው የሚለውን ቃል አይታችሁ ብቻ አትዘናጉ። የጥድ ዘይትም የተፈጥሮ ነው።

ገና ያልጠነከሩ ግልገል ድመቶች ሌላ ናቸው። ሁሉን አፋቸው ውስጥ ያስገባሉ። ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚያብጥና የሚረጋ አፈር ለእነሱ አደጋ ነው። እስኪያድጉ፣ ቢያንስ ሦስት አራት ወር እስኪሞላቸው፣ የማይረጋ ነገር፣ ለምሳሌ ከተጨመቀ ወረቀት የተሠራ ጥርብ ይሻላቸዋል።

ስለ አቧራ ደግሞ ማሸጊያው የሚለውን አትመኑ፣ ራሳችሁ ሞክሩት። ጥቁር ወረቀት ወይም ጨርቅ አንጥፉ፣ አንድ ጭብጥ አሸዋ ከክንድ ከፍታ ላይ አፍስሱ፣ ብርሃን በሚገባበት መስኮት በኩል ተመልከቱ። ደመና ከተነሣ እናንተም ድመቷም በየቀኑ የምትስቡት እሱን ነው። የሸክላ አፈር አቧራ ውስጥ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ሊኖር ይችላል፣ ደቃቁ የኳርትዝ ብናኝ ደግሞ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ሽታውንም እንዲሁ ፈትሹት። ሽታ አልባ ተብሎ ተጽፎም ሌላ ሽታ ለመሸፈን ትንሽ ሽቶ የሚጨመርበት ጊዜ አለ። ከረጢቱን ከፍታችሁ አፍንጫችሁን አስገቡ። አፈር ብቻ ከሸተተ ጥሩ ነው። አበባ ከሸተተ አበባ አለበት።

አምዳችሁ የዘለለው ሌላው ነገር ጥንቸልና ትንንሾቹ እንስሳት ናቸው። ርእሳችሁ የቤት እንስሳት ይላል፣ ውስጡ ግን ድመት ብቻ ነው። አንዲት የቅርብ ዘመዴ ለጥንቸሏ የድመት አሸዋ አድርጋላት፣ ያውም የሚረጋውንና ሽቶ ያለበትን፣ ስትነግረኝ ደነገጥኩ። ጥንቸል መጸዳጃዋ ላይ ተቀምጣ ድርቆሽ ትበላለች፤ እውነቴን ነው፣ ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ ነው የምትሠራው፣ አጠገቧ ያለውንም ሁሉ ትቀምሳለች። ማስታወክ ደግሞ አትችልም። ሆዷ ውስጥ የረጋ አፈር መውጫ የለውም ማለት ነው። የምትተነፍሰውም በአፍንጫዋ ብቻ ስለሆነ አቧራና ሽቶ ይከብዳታል። ለጥንቸል ሽታ የሌለው የወረቀት ጥርብ ከሥር፣ ድርቆሽ ከላይ፣ በቃ።

ሰጋቱራስ? ሰጋቱራና የእንጨት ፍቅፋቂ ለሃምስተርና ለጊኒ ፒግ (አይጥ መሰል የቤት እንስሳት ናቸው)፣ ለጥንቸልም ጉዝጓዝ ሆኖ የኖረ ነገር ነው። ችግሩ የእንጨቱ ዓይነት ነው። እንደ ጥድና አርዘ ሊባኖስ ያሉት፣ እኛ ሽታቸውን የምንወድላቸው እንጨቶች፣ ያ ሽታቸው ራሱ ነው ችግሩ። በ1967 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ እንዲህ ባለ ጉዝጓዝ ላይ የተኙ የላቦራቶሪ አይጦች የጉበታቸው ኢንዛይሞች፣ መድኃኒትና መርዝ የሚሰባብሩት፣ እንደተለወጡ አሳይቷል። እንግዲህ አይጦቹ የተሰጣቸው መድኃኒት የለም፣ የተኙበት ብቻ ነው። እንጨት የግድ ከሆነ በደንብ በሙቀት የደረቀ፣ ሽታው የወጣለት ይሁን፣ ወረቀት ከተገኘ ደግሞ ወረቀት ይቅደም። ለሃምስተር ለስላሳ ነው ተብሎ የሚሸጠውን እንደ ጥጥ ያለ ነገር አትግዙ፤ እግሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ከዋጠውም አንጀቱን ይዘጋል። ለወፍ ጎጆ ወለል ደግሞ በየቀኑ የሚቀየር ተራ ወረቀት የሚበልጠው ነገር የለም። የወፍ ሳንባ ሽቶ አይችልም።

ወደ ድመት ልመለስና ሽቶ ሳይኖር ሽታው እንዴት ይጠፋል ለምትሉኝ፣ መልሱ መዛቂያው ነው። በቀን አንዴ፣ ቢቻል ሁለቴ። አስቸጋሪ ይመስላል፣ ግን ጥርስ ከመቦረሽ አይረዝምም። ይህ የሽታ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው፣ ወደ ሰው የሚተላለፍና በተለይ ፅንስን ሊጎዳ የሚችል ተሐዋሲ ከድመት ዓይነ ምድር ጋር ሲወጣ ወዲያው አይተላለፍም፤ ለመተላለፍ የሚበቃው ከአንድ እስከ አምስት ቀን ሲቆይ ነው። በየቀኑ የሚዛቅ ሣጥን ዕድል አይሰጠውም። ሽቶ ያለው አሸዋ ግን ገና አይሸትም እያለ ሦስት አራት ቀን ያዘናጋችኋል። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች መዛቁን ሌላ ሰው ይሥራው፤ ሰው ከሌለም በጓንት፣ ከዚያ እጅ በሳሙና።

የአሸዋው ጥልቀት ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ድመቷ ቆፍራ የምትቀብርበት ያህል። ሣጥኑ ሰፊ ይሁን፣ ዞራ የምትወጣበት። ቁጥሩ ከድመቶቹ በአንድ ይብለጥ ይላሉ የሚያውቁት፤ ሁለት ድመት ካለ ሦስት ሣጥን። እኔ አንዲት ድመት ይዤ ሁለተኛውን ሣጥን መጀመሪያ ቅንጦት ነው ብዬ ስቄበት ነበር። አሁን አለኝ። አሸዋውን ሙሉ በሙሉ ስትቀይሩ ሣጥኑን በሙቅ ውኃና ሽታ በሌለው ፈሳሽ ሳሙና እጠቡት። በረኪና አታፍስሱበት። ሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል፣ ለእናንተም ለእሷም። የፕላስቲክ ሣጥን ጥፍር ሲቧጭረው ጭረቱ ውስጥ ሽታ ይይዛል፣ ታጥቦ ታጥቦ አልለቅ ሲል ሌላ ግዙ። የረጋውን ጉብታ ደግሞ ሽንት ቤት ውስጥ አትልቀቁት፤ ቱቦ ውስጥም ያብጣል፣ ይረጋል። ይህን ከማን እንደተማርኩት አትጠይቁኝ።

እስካሁን ሽቶ ያለውን ስትጠቀሙ ከነበረና ለመቀየር ካሰባችሁ በአንድ ቀን አታድርጉት፣ የእኔ ጥፋት እሱም ነበር። ድመት ድንገተኛ ለውጥ አትወድም፣ ለበጎም ቢሆን። ከድሮው ላይ አዲሱን ትንሽ ትንሽ እየቀላቀላችሁ በሳምንት አሥር ቀን ውስጥ አሻግሯት። ወይም ሁለት ሣጥን ጎን ለጎን አስቀምጡና ራሷ ትምረጥ። እኔ ነገሩ ካለፈ በኋላ ለማረጋገጥ ብዬ ሞክሬዋለሁ። በአንዱ ሽቶ ያለው፣ በሌላው የሌለው፣ በሣጥን ተመሳሳይ፣ በቦታ ተመሳሳይ። ለአምስት ቀን ሽቶ ያለው ሣጥን ውስጥ የተገኘው የእግር ዱካ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ገብታ ስትወጣ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። በሚቀጥለው እትም እዚያው አምድ ላይ ሁለት መስመር ጨምሩልን። አንዱ ሽታ የሌለውን ምረጡ ይበል። ሌላው የሚረጋውን አሸዋ ለጥንቸልና ለግልገል ድመት አትስጡ ይበል። ቦታ ከጠበበ የእኔን ደብዳቤ እንደፈለጋችሁ ቆራርጡት፣ ሁለቱ መስመሮች ግን ይውጡ።

ከከረጢቱ የተረፈውን የላቬንደር አሸዋ ምን አደረግሽው የምትሉኝ ካላችሁ፣ ከመኪናዬ ሥር ዘይት ተንጠባጥቦ ነበርና እዚያ ላይ በተንኩት። ልክ የኤድዋርድ ሎው አባት አፈር ፋብሪካዎች ውስጥ እንደሚበተነው። አንድም ጠብታ ሳያስቀር መጠጠው።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ የውርዬ እመቤት